ወደማላውቀው ሀገሬ ሲሸኙኝ

በእኛ ግቢ ውኃ የሚመጣው ጠዋት ነበር፤ ያውም ከመጣ። ዩኒቨርሲቲውን ያቋቋሙት ሰዎች መጀመሪያ ትልቁን በር ሠሩ፣ ቀጥለው ፎቆቹን ደረደሩ፣ ከዚያ ውኃውን ከየት እንደሚያመጡት ሳያስቡበት ተማሪ ጠሩ። አገሩ ቆላ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ያጉረመርማል፣ ትንሽ ያስላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ስለዚህ ቦቴ ከከተማ ውኃ ጭኖ እየመጣ ከሴቶች ዶርም ጀርባ ያለውን ታንከር ይሞላል፣ እኛ ደግሞ ቢጫ ጀሪካናችንን ይዘን እንሰለፋለን። ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ላይብረሪው አይደለም፤ ያ ሰልፍ ነው።

አንደኛ ዓመት ሳለን ሰልፉ ግፊያ ነበር። ጉልበት ያላት ቀድታ ትሄዳለች፣ ጓደኛ የበዛላት የጓደኞቿን ጀሪካን ሁሉ ከፊት ትደረድራለች፣ እንደ እኔ ያለችው በግማሽ ጣሳ ፊቷን አብሳ ክፍል ትገባለች። ይህን የለወጠችው የዶርሜ ልጅ ናት። ቦረና ውስጥ ያለችው የአሬሮ ልጅ ነበረች፤ ከእኔ አልጋ በላይ ያለው ተደራራቢ የእሷ ነበር። አባቷ ከብት ያረባሉ፤ እሷም ልጅነቷን ያሳለፈችው ከብት ተከትላ ወደ ውኃ ጉድጓድ ስትመላለስ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ልጆች በጀሪካን ሲደባደቡ ቆማ አየችና በጣም አፈረች። እኛ አገር ስንትና ስንት ከብት፣ ግመልና ፍየል ከአንድ ጉድጓድ ይጠጣል፣ ግን በውኃ ላይ ዱላ የሚያነሳ የለም፣ ነውር ነው አለችን። እዚያ ሁሉም በተራው ነው፤ ተራው ሄሬጋ ይባላል። ተራውን የሚያስከብረው ሰው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው፤ እሱ ካለ አለቀ።

በማግስቱ ራሷ አባ ሄሬጋ ሆና ታንከሩ ሥር ቆመች። ማንም አልመረጣትም። ሕጓ ቀላል ነበር። ጀሪካን አስቀምጦ መሄድ የለም፣ ራስሽ ትቆሚያለሽ። ፈተና ያለባት ትቅደም። የታመመች አትሰለፍም፣ ይቀዳላታል። ለመጠጥ ብላ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ የመጣችን ማንም አይከለክላትም። ውኃ ላይ የጮኸች ወደ መጨረሻ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሳቁባት፣ አባ ሄሬጋ በቀሚስ እያሉ አሾፉባት። እየቆየ ግን ተመራቂዎቹ እንኳ ስትቆጣቸው እያጉረመረሙ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ፤ ሁሉም ውኃ ያገኝ ስለነበር።

እኔ የነገሌ ቦረና ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም በውትድርና የመጣ ሰው ነው፤ ሠራዊቱ ሲበተን መለዮውን አውልቆ የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆነ። እናቴ እዚያው ነገሌ ተወልዳ ያደገች፣ ስትደነግጥ ኦሮምኛ፣ ስትጸልይ አማርኛ የምትናገር ሴት ናት። እኔም ቤት ውስጥ በአማርኛ ተገሥጬ፣ ደጅ በኦሮምኛ ተጫውቼ አደግሁ። ሰፈራችን የወታደር ልጆች ሰፈር ስለሆነ፣ የአንዱ አባት ከወላይታ፣ የሌላው ከትግራይ፣ የሌላው ከሐረርጌ ነው። እኛ ደግሞ የነገሌ ልጆች ነበርን። ከነገሌ ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ሌላ ነገር መሆን እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም።

ግቢ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ተነገረኝ። ከየት ነሽ ሲሉኝ ከነገሌ እላለሁ። ነገሌ እሺ፣ በትውልድስ ይሉኛል። በትውልድም ነገሌ ስል፣ አይ፣ የአባትሽ አባት ይሉኛል። ስሜ ደግሞ በአባቴ በኩል ያለችው የአያቴ እናት ስም ስለሆነ፣ እኔ ዝም ብል እንኳ እሱ ብዙ ይናገራል። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ፈገግ ብለው፣ ወንበር ስበው፣ ሻይ ጋብዘው ነው የሚጠይቁት። መልሱን ካገኙ በኋላ ግን ወንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከሰሜን የመጡት ደግሞ አማርኛዬን ሰምተው ይስቃሉ፣ የምን ዜማ ነው ይሉኛል፣ አንቺ እኮ ኦሮሞ ነሽ ይሉኛል። ከሁለት ያጣ ጎመን የሚባለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

ዘመኑ የለውጥ ዘመን ነው ይባል ነበር። እኛ የምናውቀው ለውጥ ስልክ ላይ የሚመጣው ነው። አንድ ሩቅ ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ተገደለ የሚል ወሬ ጠዋት ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ እዚህ፣ ከዚያ ግቢ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ርቀት ላይ፣ ሌላ ልጅ ድንጋይ ያነሳል። ከዚያ ያኛው ግቢ የእኛን ሰምቶ ይበቀላል። ካፌው ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ማንም ምልክት ሳያደርግባቸው ተለዩ፤ ፍሬሽ ተማሪ እንኳ ሳህኑን ይዞ ሲገባ የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቅ ነበር። የክፍል አድማ ይጠራል። ለምን እንደተጠራ ግማሹ አያውቅም፤ ክፍል የገባ ግን ከሃዲ ይባላል። አድማው ሲያልቅ ሰኞ ሚድ አለ ይባላል። እናነባለን፣ ይሰረዛል፣ እንደገና እናነባለን። ፖለቲካ የሚባለው ነገር ሰው ያበረታል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን እንቅልፍ እንቅልፍ ነበር የሚለኝ። በሃያ ዓመቴ እንደ አሮጊት ወገቤን ይዤ ነበር የምሄደው።

እና ምኞቴ አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ክፍል ሳልወጣ መመረቅ። ክፍላችን ውስጥ መጀመሪያ ስድስት ነበርን። ከአሬሮዋ ልጅ ሌላ በጣም የምወዳት አንዲት የደሴ ልጅ ነበረች፤ እሷና እኔ አካውንቲንግ ነበር የምናጠናው። ፈሪ ናት፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ እናቷ የምትልክላትን በሶ ግን ለሁላችን እኩል ነው የምታካፍለው። የአሬሮዋ ልጅ በሶውን ስትቀምስ ይሄ የእንስሳ መኖ ነው ትላለች፤ ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ትጨምራለች። እኔ በመካከላቸው ሆኜ የአንዷን ቀልድ ለሌላዋ እተረጉማለሁ። ከአሬሮዋ ጋር የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ ከደሴዋ ጋር በአማርኛ። ማታ ሁለቱም በየቋንቋቸው ሲያወሩኝ አንዳንዴ በተሳሳተው መልሼ ሦስታችንም እንስቃለን። ሌላ ቦታ ሁሉ ማንነቴን ማስረዳት ነበረብኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ሊገባ ሲል ሴቶቹ ፍራሻቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ተሸክመው ከክፍል ክፍል መዛወር ጀመሩ። ማንም ተዛወሩ አላላቸውም፤ የሰፈራቸው ልጆች እዚያ ማዶ ስላሉ ነው። ፕሮክተሯ፣ ጡረታዋ የደረሰ ደከም ያለች ሴት፣ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ቁልፍ ማደል ጀመረች። ከእኛም ክፍል ሦስቱ ተራ በተራ ወጡ። ሲወጡ ሳሙናና ነጠላ ጫማ ረስተው እንደሚመለሱ ሰዎች ቻው አሉን። ሦስት ቀረን። አልጋው ስለበዛልን ልብሳችንን ባዶዎቹ ላይ እናጥፍ ነበር።

ከዚያ ሰልፉ ተነካ። አንድ ጠዋት ውኃው ትንሽ ነበር፣ የሰሜን ልጆች ቀድመው መጥተው ቆመዋል። ከኋላ የነበሩ ልጆች የአሬሮዋን ልጅ እነዚህ ለምን ይቀድማሉ አሏት። ቀድመው ስለመጡ አለች። አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ ብላ ጠየቀቻት። ስድብ አልነበረም፤ ግን ያ ጥያቄ ለእኔ እንጂ ለእሷ ቀርቦላት አያውቅም። እኔ ከዚያ ጥያቄ ጋር ተለማምጄ ነበር። እሷ ግን አልለመደችውም። በማግስቱ ሁለት ሰልፍ ሆነ፤ አንዱ ከታንከሩ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ። እሷም ጀሪካኗን ይዛ እንደ ማንም ተሰለፈች፣ ተራ ማስከበሩን ተወችው። እኔ የቱ ጋ መቆም እንዳለብኝ ስላላወቅሁ አንድ ቀን እሷ ትቀዳልኛለች፣ አንድ ቀን የደሴዋ ልጅ ትቀዳልኛለች። ያን ሰሞን ውኃ ጎድሎብኝ አያውቅም፤ ግን ጀሪካን በእጄ መያዝ ተውኩ።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ደረሰ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በወንዶቹ ዶርም በኩል ጩኸት ተሰማ፣ መስታወት ተሰባበረ። አንድ ልጅ ተመትቶ ሐኪም ቤት ሄደ። ሞተ ተባለ፤ አልሞተም ተባለ፤ አዲስ አበባ ወሰዱት ተባለ። እስከ ዛሬ እውነቱን አላውቅም፣ እኔ የጠየቅኋቸውም አያውቁም። የሰሜን ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ኳስ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ፣ ፖሊስ ከበባቸው፣ ወደ ሀገራችን ውሰዱን ብለው ፀሐይ ላይ ዋሉ፣ በማግስቱም ዋሉ። የደሴዋ ልጅ አልሄደችም፤ ከእኛ ጋር ክፍል ውስጥ በር ቆልፋ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን አውቶቡሶች መጡ።

ፕሮክተሯ ማለዳ ላይ በራችንን አንኳኳች። የደሴዋን ልጅ ስሟን ጠራች፣ ከዚያ የእኔን ጠራች፣ ተነሱ ልጆቼ፣ መኪናው በር ላይ ነው አለችን። እኔ የነገሌ ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳት። አውቃለሁ ልጄ አለችኝ፣ ግን እዚህ ቀርተሽ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ይጠየቃል፣ ሁለት ሰዓት ነው ያለሽ፣ ዕቃሽን አዘጋጂ። ዞር ብዬ የአሬሮዋን ልጅ አየኋት። እሷ አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ይቺ የእኛ ናት ብትል፣ ወይም አትሄድም ብትል፣ ወይም ዝም ብላ በሩ ላይ ብትቆም ይበቃኝ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታያለች። ከዚያ ወርዳ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች፣ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመረች።

ምን እያደረግሽ ነው አልኳት በኦሮምኛ። ሦስት ዓመት ሙሉ አማርኛ አውርታኝ የማታውቅ ልጅ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«ሂጂ። ወደ ሀገርሽ ግቢ። ብትቀሪ እኔ ልጠብቅሽ አልችልም።»

ይህን ስትል ታለቅስ ነበር። ስለዚህ ልቆጣት አልቻልኩም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ የተሰደበ ሰው ቢያንስ ይጮኻል። ለእኔ ብላ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ሁለቱም ወገን እሷን በጥርጣሬ እንደሚያያትም አውቃለሁ። ግን ወደ ሀገርሽ ስትል የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሹራቤን አጣጥፋ ከላይ አደረገችው፣ ሰሜን ይበርዳል አለችኝ። እኔ ሰሜንን በቴሌቪዥን ነው የማውቀው።

አውቶቡሱ ውስጥ የደሴዋ ልጅ እጄን እንደያዘች ነበር። እኛ ቤት ትሆኛለሽ፣ ከእናቴ ጋር፣ አልጋ አለን፣ እህቴ አግብታ ሄዳለች እያለች ደጋግማ ነገረችኝ። ከፊታችን የተቀመጠ ልጅ ዞር ብሎ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ የአባቴን ወረዳ ነገርኩት። ጎረቤታሞች ነን ብሎ ደስ አለው፣ ብስኩት ሰጠኝ፣ እነ እገሌን ታውቂያለሽ አለኝ፣ ስለ አንድ ገበያ አወራልኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አባቴ ስለዚያ አገር ሲያወራ የሚያነሳው አንዲት ወንዝ ብቻ ነው፤ የወንዙን ስም ለመጥራት ፈራሁ፣ ሌላ ወረዳ ቢሆንስ ብዬ። ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። የሚያወሩት እነዚህ ሰዎች፣ እነዚህ ሰዎች እያሉ ነው። እነዚህ ሰዎች የተባሉት የእኔ ጎረቤቶች ናቸው፤ እናቴ ጡቷ ሲደርቅባት ወተት ያበደሯት ሴትዮ ናቸው። ብስኩቱን በላሁ።

እናቴ የደወለችው በዚህ መሐል ነው። ወሬው ነገሌ ደርሶ ኖሮ ገና ሄሎ ሳልል «ኤሳ ጅርታ?» ብላ ጮኸች፤ የት ነሽ ማለቷ ነው። ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ወንበሩን ሁሉ አዳረሰ። እኔም ሳላስበው በዚያው ቋንቋ መለስኩላት፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ አልተነካሁም አልኳት። ስዘጋው አውቶቡሱ ውስጥ ወሬ ቆሞ ነበር። ብስኩት የሰጠኝ ልጅ ወደ ፊቱ ዞረ። ከኋላ አንድ ሰው ይቺ ማን ናት አለ፤ ሌላው ምን ልትሰልል ነው የገባችው አለ። የደሴዋ ልጅ፣ በር ሲንኳኳ የምትደነግጠው፣ ብድግ ብላ የእኛ ናት፣ ሦስት ዓመት አብሬያት ኖሬአለሁ፣ የእኛ ናት አለቻቸው። ጠዋት ከአሬሮዋ ልጅ የፈለግሁት ቃል እሱ ነበር፤ ከእሷ ሳላገኘው ከዚህኛዋ አገኘሁት። ሳገኘው ግን አላረፍኩም። የማን እንደሆንኩ እየመሰከሩልኝ እስከ መቼ እኖራለሁ ብዬ ደከመኝ፣ በጣም ደከመኝ፣ ራሴን መስኮቱ ላይ ጣልኩ።

ለምሳ የቆምንባት ከተማ ወደ ሻኪሶ የሚወስደው የኮረኮንች መንገድ የሚገነጠልባት ናት። ከሻኪሶ ነገሌ መኪና አለ። ከአውቶቡሱ ወርጄ አጃቢ ወደነበረው ፖሊስ ሄድኩና ጋሼ፣ እኔ እዚህ እቀራለሁ አልኩት። አይቻልም አለኝ። እያንዳንዳችሁን በሰላም ሀገራችሁ አድርስ ተብያለሁ አለኝ። ሀገሬ በዚህ ነው ብዬ መንገዱን በእጄ አሳየሁት። አቧራ ብቻ ነበር የሚታየው። ሰው አለሽ ወይ አለኝ። እናትና አባቴ አሉ አልኩት። ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ መንገዱንም እኔንም አየ። እኔ አላየሁሽም ብሎ ሲጋራ ሊገዛ ሄደ።

የደሴዋ ልጅ የቀራትን በሶ ከነከረጢቱ ሰጠችኝ። ደርሰሽ ደውይልኝ አለችኝ፤ ስደርስ ደወልኩላት። ወደ ሻኪሶ ከሚሄዱ ወርቅ ቆፋሪዎችና የቡና ነጋዴዎች ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኜ ሄድኩ። ስለ ጉድጓድ መደርመስና ስለ ቡና ዋጋ ሲነታረኩ ዋሉ። አንድ ሰውዬ ነጠላው እንዳይቆሽሽብኝ ያዥልኝ ብሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠብኝ፣ ማንነቴን ግን አልጠየቀኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ወሰደኝ። ሻኪሶ አድሬ በማግስቱ ነገሌ ገባሁ።

አባቴ ደጅ ቆሞ ነበር የጠበቀኝ። እናቴ ስታለቅስና ስትመርቅ እሱ ፊቴን ብቻ አገላብጦ አየ፤ ማን መታሽ አለኝ። አባዬ፣ ማንም አልመታኝም አልኩት፤ እውነት ስለሆነ። ሁሉም ደግ ነበሩ። ፕሮክተሯ ለእኔ አዝና ነው፣ ጓደኛዬ ለእኔ ፈርታ ነው፣ ሌላዋ ጓደኛዬ ቤቷን ሰጥታኝ ነው። የምከስሰው ሰው አጣሁ። ይህን ሁሉ ስነግረው ሰማኝና እስከዚያ ቀን ያልነገረኝን ነገር ነገረኝ። ሠራዊቱ የተበተነ ጊዜ እሱንም ወደየሀገራችሁ ተብሎ ከጓደኞቹ ጋር በጭነት መኪና ልከውት ነበር። አገሩ ሲደርስ እናቱ ሞታለች። ወንድሞቹ በግ አርደው ተቀበሉት፣ ከዚያ መሬት ሊካፈል የመጣ መስሏቸው ተጨነቁ። ክረምቱን እንኳ ሳይጨርስ ተመልሶ ነገሌ መጣ።

«እኔ የተወለድኩበትን አልቻልኩትም» አለኝ። «አንቺ ምን ብለሽ ነው የምትሄጂው?»

ቤት ብዙ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቀርቶ ስለነበር ከተማው ውስጥ ከየገጠሩ የመጡ የከሱ ከብቶች ይንከራተታሉ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መኖ ነው፤ ስለ ግቢ የሚጠይቀኝም አልነበረም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ተመለሱ ብሎ ጥሪ አደረገ። እናቴ አትሄድም አለች፣ አባቴ አንድ ሴሚስተር ነው የቀራት አለ። እኔ የተመለስኩት ለዲግሪው ነው ብዬ ነው የነገርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ለዚያች ክፍል ነበር። ወደ ታች አልጋዬ ገብቼ፣ ከላይ የምትገላበጠውን ልጅ የፍራሽ ድምፅ እየሰማሁ መተኛት ነበር የፈለግሁት። እሷ ያን ቀን ያለችኝን እንድትመልስ እንኳ አልፈለግሁም። እንዳልተባለ ሆኖ እንድንቀጥል ነበር ተስፋዬ።

ስንመለስ አዳራሽ ሰበሰቡን። አባ ገዳዎች፣ ቄሶችና ሼኮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ካሜራ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ ከጎኔ ያለው ልጅ አንሾካሾከ። አባቶች ግን የሚናገሩት ከልብ ነበር፤ አንዱ ሲናገሩ ድምፃቸው ተቆረጠ፣ እኛም አንገታችንን ደፋን። ተቃቀፉ ተባልን፣ ተቃቀፍን። ያቀፈኝን ሰው አላውቀውም። የደሴዋ ልጅ አልተመለሰችም፤ እናቷ አሻፈረኝ ብላ ቤቷ አስቀርታት ነበር።

ከአዳራሹ ወጥቼ ወደ ዶርም ሄድኩ። ሻንጣው እየከበደኝ ደረጃውን ወጣሁ፣ በሩን ገፋሁ። የአሬሮዋ ልጅ ነበረች፤ ከማላውቃቸው ሌሎች ልጆች ጋር ተቀምጣ ታጠናለች። ስታየኝ ብድግ አለች፣ ፊቷ በራ። መጥታ ጀርባዬን ትመታኛለች፣ የት ጠፍተሽ ነው አንቺ ቀጣፊ ትለኛለች ብዬ ሻንጣውን ጣልኩት። እሷ ግን ልብሷን አስተካክላ ቀረበችኝ፣ እጄን በሁለት እጇ ያዘች፣ ሰላምታ ጀመረች።

ቦረና ውስጥ ከሩቅ ለመጣ ሰው ሰላምታው ረጅም ነው። ናጋ ይባላል፤ ሰላም ማለት ነው። መጀመሪያ የራስሽ ሰላም ይጠየቃል፣ ከዚያ የቤተሰብሽ፣ የከብትሽ፣ የዝናቡ፣ የመጣሽበት መንገድ። ለእያንዳንዱ የሚመለሰው ያው ናጋ ነው። ከብት አልቆም ይሁን፣ ሰው ሞቶም ይሁን፣ መጀመሪያ ሁሉም ናጋ ነው። መጥፎው ወሬ የሚነገረው እንግዳው ውኃ ከጠጣ በኋላ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት፣ እህት ከእህት ግን እንዲህ አይባባልም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይቺ ልጅ ሰላም ያለችኝ አልጋዬን በእግሯ እየመታች ነው።

«ናጋ?» አለችኝ። ናጋ አልኳት። የቤተሰቤን ጠየቀችኝ፤ ናጋ። ከብት እንደሌለን እያወቀች የከብቱን ጠየቀችኝ፤ ናጋ። መሐል ላይ አቋርጣ እስክትስቅ እየጠበቅሁ ዓይኗን አየሁ። አልሳቀችም። አንድም ነገር ሳታጓድል፣ በፍቅርና በክብር፣ ልክ አባቷ ደጅ ለመጣ ሰው እንደምታደርገው ጠየቀችኝ። የምታፌዝ ብትሆን ኖሮ እጄን እመነጭቃት ነበር። መንገዱስ አለችኝ በመጨረሻ፣ መንገዱ ሰላም ነበር? ናጋ አልኳት።

ከዚያ ታችኛው አልጋ ላይ የተዘረጋውን መጽሐፍ አነሳች፣ አንሶላውን በእጇ ደልደል አደረገች፣ የገዛ አልጋዬን እያሳየችኝ እባክሽ አረፍ በይ አለችኝ።